ማሳ

ከዳቦ ቤት ወጣሁ፣ ከሌሊቱ ፈረቃ፣
ቅንድቤ ላይ ዱቄት፣ ዓይኔ ገና ሳይነቃ።
የኩኔዮ ጥር ነው፤ ተራራው ነጭ ለብሶ
ከጣሪያው በላይ ቁጭ ብሏል፣ ደመና ተንተርሶ።
ከፎቃችን ግርጌ፣ አመዳይ የሸፈናት፣
ሠላሳ ዓመት ያለፋት አንዲት ቀይ ፊያት፤
ውስጧ ሲኞራ ኤርሲሊያ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች፣
ቁልፉን ታዞራለች፣ ታዳምጣለች፣ ታዞራለች።

ቀጭ።
ቀጭ፣ ቀጭ።
ከዚያ ዝም።

ሦስት ሰዓት ላይ ዓይኗን ሐኪም ሊያይ ቀጥሯታል፤
ስምንት ወር የጠበቀችው ወረፋ ነው፣ ዛሬ ካለፈ አልፏታል።
ሬናቶ ከሁለተኛ ፎቅ በፒጃማው ወረደ፤
«ባትሪ ነው» ብሎ ኬብል ዘረጋ፣ ከራሱ መኪና ወሰደ።
ቀጭ።
«እንግዲያው ኮምፒዩተሯ ነው» አለ።
ኮምፒዩተር!
ይቺ መኪና እኮ ሰዓት እንኳ የላትም።

ስሜ ልሳነወርቅ ነው፤ አባቴ ነው ያወጣው፣
ምላሴ እዚህ አገር እንጨት እንደሚሆን ማን ነግሮት ሊያውቀው?
በማዘጋጃ ቤቱ መስኮት «ዶማኒ» ቢሉኝ እሺ፣ «ዬሪ» ቢሉኝም እሺ፤
የገባኝ ቃል አንድ ቢሆን፣ ያልገባኝ አንድ ሺ።
ያን ቀን ግን የመኪናዋን መስታወት አንኳኩቼ፣
ምን እንደምል ሳላውቅ ከንፈሬን ከፍቼ፣
«ኮፋኖ» አልኳት።
እጇ ቆመ።
«ኮፋኖ?»
«ኮፋኖ።»

ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ በላይ፣ በጋሽ ይማም ጋራዥ በር፣
ስድስት ዓመት ተኝቻለሁ ከመኪና ሆድ ሥር።
ፒንሳ ተብዬ ካቻቪቴ ያቀበልኩ ዕለት
ጆሮዬ እንደጋለ ነበር የምገባው ቤት።
ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ፣
አማርኛ ነበር የመሰለኝ፣ የወሎ የዕለት ጨዋታ።
ለካስ ስድስት ዓመት፣ ግራሶ ባጠቆረው ጣት፣
የሲኞራ ኤርሲሊያን ፊደል ኖሯል የቆጠርኩት።

«ካንዴላ?» አለችኝ፣ ጣቷን ወደ ውስጥ ቀስራ።
«ኖ» አልኩ። ካንዴላ ቢሆን ሞተሩ ይዞር ነበር እያጓራ።
ክላክሱን አስነፋኋት፤ እንደታነቀ ጠቦት አለቀሰ።
መብራቱን አስበራኋት፤ ቁልፉ ሲዞር ኮሰሰ፣
ቁልፉ ሲመለስ ቦግ።
ባትሪውስ አለ፤ ጉልበቱ ነው መንገድ የቀረ።
ጋሽ ይማም፣ «መኪና አትዋሽም፤ የሚዋሽ ጆሮህ ነው» ይል ነበረ።

ጥቁሩን ሽቦ ተከተልኩ፣ ከባትሪው ራስ ተነስቼ፣
በሞተሩ ጎን አጎንብሼ፣ ክንዴን እስከ ብብት ከትቼ፤
ብሎኑ ከቦዲው ጋር በሚጋባበት
አረንጓዴ ዱቄት አገኘሁ፣ የሠላሳ ክረምት ጨው የበላበት።
«ማሳ» አልኩ ቀና ብዬ።
«ላ ማሳ!» አለች ኤርሲሊያ፣
ባሏ ከሞተ ወዲህ ያልሰማችው ስም እንደተጠራ ሁሉ።

በአሥራ ሦስት ቁልፍ ገጠምኩት፤ እምቢ አለ፣ ጮኸ፣ እሺ አለ።
የብርጭቆ ወረቀት ከሬናቶ፣ ቫዝሊን ከእሷ ቦርሳ፤
ብረቱ ጥርሱን እስኪያሳይ ፋቅሁት።
ስፍቅ ጠየቀችኝ። ከየት ለመድከው ነው፣ እንደገባኝ።
«ደሴ» አልኩ።
እጇ ባየር ላይ የካሚዮን መሪ ያዘ።
«አጎቴ…» አለች። መሪውን ትንሽ አዞረች፣ ተወችው።
ያልጨረሰችውን አልጠየቅኋትም።
ጋሽ ይማምን ማን በኩርኩም እንዳስተማረው
እሱም አልነገረኝ።

አጠበቅሁ። «ሞክሪው» የሚል ቃል ስለሌለኝ
ጣቴን እንደ ቁልፍ አዞርኩላት።
ቀ —
ሞተሩ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ሦስቴ ጎርነን አለ፣
አክታውን በማርሚታው ተፋ፣ ተነሳ!
ሬናቶ በፒጃማው አጨበጨበ።
በእኛ ቋንቋ ማሳ ገብስ የሚዘራበት ነው ልላት ነበር፤
ለገብስ የሚሆን ቃል ግን ከመኪና ሆድ አይገኝም።

ሄደች። በአንደኛ ማርሽ፣ መኪናዋ እሪ እያለች፣
መታጠፊያው ድረስ ሳትቀይር ከነፈች።
«ፍሪሲዮን!» ብዬ ጮኽኩ፣ በደሴ ጉሮሮ፣ መሀል ኩኔዮ።
አንድ መስኮት ተከፈተ። ሌላም ተከፈተ።
ማንም «ምን አለ?» አላለም።